ቃል ከልብ ወደ አፍ እንዴት ይመጣል?

አባቶቻችን «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ይላሉ። ይህ አነጋገር ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር እውነት ሳይሆን አይቀርም። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚናገር ሰው ግን እጅግ የጠነከረ ፍርድ ነው። በሁለተኛ ቋንቋ አፉን የከፈተ ሰው በጭንቅላቱ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ለማሳየት አይቻለውም፤ የሚያሳየው በዚያች ቅጽበት ከአፉ ሊደርስለት የቻለውን ብቻ ነው። በክፍላችን ይህ ነገር በየቀኑ ይታያል። መልሱን የሚያውቅ ተማሪ እጁን ሳያነሣ ይቀራል፤ ጥያቄ ያለውም ጥያቄውን እንደ ያዘ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መምህሩም ዝምታውን አይቶ ትምህርቱ የገባን ስለሚመስለው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። እንዲህ እየሆነ ዓመቱ ያልቃል።

ይህችን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ሳቀርብ ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ለማስተማር ብዬ አይደለም፤ ለዚያ መምህራን አሉን። ዐሳቤ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በመጽሐፍ ስናየው ደኅና አድርገን የምናውቀው ቃል በንግግር ጊዜ ስለ ምን እንደሚጠፋን፣ በተፈለገም ጊዜ ይገኝ ዘንድ ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ያነበብሁትን፣ ከሽማግሌ የሰማሁትንና ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ሆኜ የሞከርሁትን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ማስታወስ ይገባል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈቱ ከውጭ አገር ቋንቋዎች መካከል ከፍ ያለውን ስፍራ ይዞ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከአገራችን ከወጣ በኋላ ግን ስፍራውን እንግሊዝኛ ወሰደው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ግን ማስተማሪያ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ 9ኛ ክፍል የገባ ተማሪ ፊዚክሱንም፣ ባዮሎጂውንም፣ ጂኦግራፊውንም የሚማረው በዚሁ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ የማይወጣለት ልጅ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ዘንድ ዝም ይላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። አንድን ቃል ማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቃሉ ፊት ለፊት ሲመጣ ለይቶ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ቃሉ ሳይታይና ሳይሰማ ከራስ ፈልጎ ማውጣት ነው። መንገድ ላይ የሚያልፍን ሰው «ይህን ሰው ዐውቀዋለሁ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው በሌለበት ስሙን ጠርቶ መልኩን መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ ለብዙ ዓመታት የተለማመድነው የመጀመሪያውን ነው። መጽሐፍ እናነባለን፤ መምህር ሲናገር እንሰማለን፤ ፈተናውም አብዛኛውን ጊዜ ከተሰጡት አራት መልሶች ትክክለኛውን ምረጡ የሚል ነው። ቃሉ በፊታችን ተጽፎ ስለሚቀርብልን የእኛ ሥራ ማክበብ ወይም ማጥቆር ብቻ ይሆናል። እንግዲህ 10 ዓመት ሙሉ ቃል ስንለይ የኖርን ልጆች በአንድ ቀን ቃል አውጡ ብንባል ከየት እናመጣዋለን? እህል በጎተራ ሞልቶ እንግዳ ሲመጣ ዱቄት እንደሚታጣ ያለ ነው።

ከዚህም ሌላ የተማሪ እንግሊዝኛ አንድ አስቂኝ ጠባይ አለው። ትልልቁን ቃል ያውቃል፤ ትንንሹን አያውቅም። ከእኛ መካከል «ፎቶሲንተሲስ» እና «ኢንዱስትሪያላይዜሽን» የሚያስቸግረው የለም፤ መጽሐፉ በየገጹ ይጠራቸዋልና። የድስት ክዳን፣ የወፍጮ መጅ፣ ማስነጠስ፣ ማንከስ፣ ልብስ ማስጣት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ ብንጠየቅ ግን እርስ በርሳችን እንተያያለን። ንግግር የሚሠራው ይልቁንም በትንንሾቹ ቃላት ስለ ሆነ ትልልቆቹን ብቻ የያዘ ሰው ሺህ ብር ይዞ የታክሲ ዝርዝር ያጣ መንገደኛ ይመስላል።

ባለፈው ክረምት ይህን ጉዳይ ለአያቴ አነሣሁባቸው። አያቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ በወጣትነታቸው ግን በጎጃም ቅኔ ቤት ተምረዋል።

«አባባ፥ ቃሉን ዐውቀዋለሁ፤ ስናገር ግን አይመጣልኝም» አልኋቸው።

«ስንት ጊዜ ተናገርህበት?» አሉኝ።

«ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ አነበብኸው አላልሁህም፥ ልጄ። ስንት ጊዜ ተናገርህበት ነው ያልሁህ።»

መልስ አጣሁ። እርሳቸውም የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ያስረዱኝ ጀመር። የቅኔ ተማሪ ግሱን ከነአማርኛ ፍቺው በቃሉ ያጠናል፤ ርባታውንም ይለያል። ነገር ግን ግስ በማጥናት ብቻ ባለቅኔ የሆነ ሰው የለም። ተማሪው ጉባኤ ቃና ከሚባለው ከሁለት ቤቱ ቅኔ ጀምሮ በየቀኑ የራሱን ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቆሞም ይናገራል። መምህሩ የማይስማማውን ቃል ያርሙለታል፤ እርሱም በነጋታው ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። «ግሱ ሌሊት በጆሮ ይገባል፤ ቀን በአፍ ካልወጣ ግን አልገባም እንደ ማለት ነው» አሉኝ። እኔም ወደ ክፍሌ ገብቼ ደብተሬን ገልጬ ተመለከትሁ። ከእንግሊዝኛ ቃላት ትርጉም በቀር በራሴ አፍ የተነገረ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አልተጻፈበትም ነበር።

አያቴ የነገሩኝ ነገር በኋላ ካነበብሁት ከሊቃውንት ጥናት ጋር መስማማቱ ገረመኝ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. ስለ ትዝታ ባሳተመው መጽሐፍ ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት ራሱ እያጠና ምን ያህሉን እንደሚረሳ ለክቷል። ያገኘውም ሰው ያጠናውን ነገር ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ብዙውን እንደሚረሳ፣ ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነው። ጥናቱን በአንድ ቀን ከማጨቅ ይልቅ ለብዙ ቀን መከፋፈል እንደሚሻልም ተመልክቷል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት አለ። አንዳንዶቹን ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ደጋግመው እንዲያነቡ፣ ሌሎቹን አንብበው መጽሐፉን ከዘጉ በኋላ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን መጽሐፉን ዘግተው ያስታወሱት በለጡ። ደጋግሞ ማንበብ የዛሬ ዕውቀት ያስመስላል፤ ዘግቶ ማስታወስ ግን የነገ ዕውቀት ያደርጋል።

ስለ እኛ ስለ አማርኛ ተናጋሪዎች በተለየ የሚነገር ሌላ ነገር ደግሞ አለ። አማርኛ ግሱን በመጨረሻ ያኖራል። «ትናንት ከገበያ የገዛሁትን ሽንኩርት ለእናቴ ሰጠኋት» ብል መስጠቴ የሚታወቀው ሁሉንም ከዘረዘርሁ በኋላ ነው። እንግሊዝኛ ግን «እኔ» ካለ በኋላ ወዲያው ግሱን አምጣ ይላል። ስለዚህ በአማርኛ አስቦ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ገና በዐረፍተ ነገሩ ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ ችግሩ ቃል ማጣት ሳይሆን ቃሉ ያለ ጊዜው መጠየቁ ነው።

እንደዚሁም ሁለቱ ቋንቋዎች ነገሩን የሚያዩበት ፊት ይለያያል። በአማርኛ «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን፤ ያዡ ጉንፋኑ ነው። እንግሊዞች «አይ ኮት ኤ ኮልድ» ሲሉ ያዡ ሰውየው ነው። እኛ «አውቶቡሱ አመለጠኝ» ስንል የሮጠው አውቶቡሱ ነው፤ እነርሱ «አይ ሚስድ ዘ ባስ» ሲሉ የሳተው ሰውየው ነው። እኛ ፎቶግራፍ «እናነሣለን»፤ እነርሱ «ይወስዳሉ»። እኛ ውሳኔ «እንሰጣለን»፤ እነርሱ «ይሠራሉ»። እንግዲህ «ኮልድ» ማለት ጉንፋን ነው ብሎ አንዱን ቃል ለብቻው ያጠና ተማሪ ለመናገር በተነሣ ጊዜ ግሱን አጥቶ ይቆማል። ቃል እንደ ሰው ከባልንጀሮቹ ጋር ይኖራልና ከባልንጀሮቹ ጋር መጠናት አለበት። ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. ያሳተመው የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት በዚህ ረገድ በጣም ይጠቅማል፤ ቃሉን ብቻውን ከመተርጐም ይልቅ በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ያሳያልና።

ከዚህ በኋላ ከጓደኛዬ ጋር የያዝነውን ልምምድ በተራ እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ «የጎደለ ቃል ደብተር» ያዝን። ማታ ማታ በቀኑ ያደረግነውን ነገር ለ5 ደቂቃ ያህል ድምፃችንን አውጥተን ለራሳችን በእንግሊዝኛ እንተርካለን። ቃል ያጣንበት ስፍራ ስንደርስ አንቆምም፤ በአማርኛ ጠርተን እናልፍና በደብተሩ ላይ እንጽፈዋለን። ከዚያ በኋላ መዝገበ ቃላት እንገልጣለን። የዚህ ጥቅሙ ቃሎቹ ከራሳችን ኑሮ የሚመጡ መሆናቸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በደብተሬ የተጻፉት ጭቃ፣ መሰልቸት፣ ማንጠልጠል፣ መክሰስ፣ መኮረጅ የሚሉ ነበሩ። እነዚህን ነገሮች በየቀኑ አያለሁ፤ በየቀኑም እሠራለሁ። ከመኮረጅ በቀር ማለቴ ነው።

ሁለተኛ፤ የጎደሉትን ቃላት በትንንሽ ካርቶን ላይ እንጽፋለን። በአንደኛው ገጽ አማርኛው ወይም ሥዕሉ፣ በሁለተኛው ገጽ እንግሊዝኛው ከነዐረፍተ ነገሩ ይሆናል። ስናጠና የምናየው አማርኛውን ነው፤ ካርቶኑን ሳንገለብጥ እንግሊዝኛውን በድምፅ እንናገራለን። ብዙ ተማሪ እንግሊዝኛውን አይቶ አማርኛውን ስለሚናገር ጥናቱ ለንባብ እንጂ ለንግግር አይጠቅመውም። ካርቶኖቹን የምናኖረው በጫማ ሣጥን ውስጥ በአምስት ክፍል ከፍለን ነው። ይህን አሠራር ሰባስትያን ላይትነር የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፍ አስታውቆታል። የተመለሰው ካርቶን ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ ያልተመለሰው ወደ መጀመሪያው ይወርዳል። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ፣ ቀጣዮቹ እየራቁ ይታያሉ። እንዲህ ሲሆን ጊዜያችን የሚያልቀው በሚያስቸግሩን ቃላት ላይ ነው እንጂ በምናውቃቸው ላይ አይደለም። በቀን 5 አዲስ ቃል ይበቃል።

ሦስተኛ፤ ቃሉ ባይገኝ በዙሪያው መሄድን ተለማመድን። እንግሊዛዊው ቻርልስ ኦግደን እ.ኤ.አ. በ1930 ዓ.ም. «ቤዚክ ኢንግሊሽ» ብሎ ባወጣው ዝርዝር 850 ቃላት ብቻ መርጦ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ግሶቹ 18 ብቻ ናቸው። «መግባት» ለማለት የተለየ ቃል አያስፈልገውም፤ «ጎ ኢን» ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. የወጣው የሎንግማን መዝገበ ቃላትም በውስጡ ያሉትን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቃላት የፈታቸው በ2,000 ያህል ቀላል ቃላት ነው። እንግዲህ 2,000 ቃል ያለው ሰው ሌላውን ሁሉ ለማስረዳት ይችላል ማለት ነው።

ለዚህ ልምምድ ከአገራችን ጨዋታ የተሻለ አላገኘንም። እርሱም እንቆቅልሽ ነው። እንቆቅልሽ ምንድን ነው? የነገሩን ስም ሳይጠሩ ነገሩን መግለጽ አይደለምን? እኔ አንድ ዕቃ ዐስብና ስሙን ሳልጠራ በእንግሊዝኛ እገልጸዋለሁ፤ ጓደኛዬ ስሙን ያወጣል። ያቃተው እንደሆነ «አገር ስጠኝ» እለዋለሁ። እርሱም እየሳቀ ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጠኛል። በዚህ ጨዋታ ገላጩ ዙሪያውን መሄድ ይለማመዳል፤ መላሹ ደግሞ ቃሉን ከራሱ ማውጣት ይለማመዳል። የጓደኛዬ ታናሽ እኅት የ6ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ከሁለታችን የበለጠ ብዙ አገር ወስዳለች።

አራተኛ፤ አንዱን ነገር ደጋግመን እየፈጠንን እንናገራለን። የኒው ዚላንዱ የቋንቋ ትምህርት ሊቅ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. የጻፈበት አንድ ዘዴ አለ። ተናጋሪው አንዱን ጉዳይ ለአንድ አድማጭ በ4 ደቂቃ ይናገራል፤ ያንኑ ለሁለተኛ አድማጭ በ3 ደቂቃ፣ ለሦስተኛው በ2 ደቂቃ ይደግመዋል። በመጀመሪያው ጊዜ ተፈልገው በጭንቅ የተገኙት ቃላት በሦስተኛው ጊዜ መንገዱን ዐውቀውት ራሳቸው ይመጣሉ። ሦስተኛ አድማጭ ያጣን እንደሆነ ለግድግዳው እናወራለን፤ ግድግዳ ትዕግሥተኛ አድማጭ ነው። አንዳንድ ጊዜም በስልክ ድምፃችንን ቀድተን እንሰማለን።

አምስተኛ፤ ቃሉ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ በሚቆምበት ጊዜ ምን እንደምናደርግ አስቀድመን ተሰናዳን። ሮጀር ብራውንና ዴቪድ ማክኒል የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ለተማሪዎች የብርቅ ቃላትን ፍቺ እያነበቡ ቃሉን እንዲያወጡ ጠይቀው ነበር። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ቆሞ አልወጣ ያላቸው ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደልና ስንት ቀለም እንዳለው ያውቁ ነበር። ልብ በሉ፤ እነዚህ ተማሪዎች የተጠየቁት በገዛ ቋንቋቸው ነው። እኛስ በአማርኛ «እንትን» የምትባለውን ቃል ያበጀነው ለምን ይመስላችኋል? «እንትኑን አምጣው፤ እንትን አድርገው» እያልን ስንት ሥራ እንሠራባታለን! በአማርኛ ቃል ሲጠፋን ድንቁርና አይመስለንም፤ «እንትን» ብለን እንቀጥላለን። በእንግሊዝኛ ሲጠፋን ግን አንገታችንን እንደፋለን። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፊደል መፈለግ፣ በዚያም መካከል «ሌት ሚ ሲ» ወይም «ዋት አይ ሚን ኢዝ» እያሉ ተራን ይዞ መቆየት ይጠቅማል። ዝምታው ከረዘመ ተራው ለሌላ ይሰጣልና።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምን ፍሬ ሰጠ የሚል ይኖራል። እኔ ስለ ራሴ ከምናገር ስለ ጓደኛዬ ብናገር ይሻላል። ጓደኛዬ በፊዚክስ ከእኔ የሚበልጥ ልጅ ነው፤ ዳሩ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በክፍል አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ አልሰማሁትም ነበር። በዚህ ዓመት በየካቲት ወር መምህራችን ስለ መፍላት ሲያስተምሩን እጁን አነሣ። የጠየቀውም ውሃ በከፍተኛ ስፍራ ፈጥኖ የሚፈላ ከሆነ በደጋ አገር ባቄላ ለመብሰል ስለ ምን ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጃል የሚል ነበር። በመካከሉ «ግፊት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ጠፋው። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እኔም እቀመጣለሁ ብሎ እንዳይሸነፍ ፈራሁለት። እርሱ ግን «ዘ ዌይት ኦፍ ዚ ኤር አባቭ» ብሎ በዙሪያው ሄደ፤ ከላይ ያለው የአየር ክብደት ማለቱ ነው። መምህሩ ፈገግ ብለው «ፕሬሸር» አሉና ቃሉን በሰሌዳው ላይ ጻፉለት። ከዚያም 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ፣ ባቄላውን የሚያበስለው የውሃው መንተክተክ ሳይሆን የሙቀቱ መጠን እንደ ሆነ፣ ቶሎ መፍላቱ ቶሎ ማብሰል እንዳልሆነ አስረዱን። ለእናቶቻችን በየዕለቱ የሚያጋጥማቸውን ነገር ምክንያቱን ክፍሉ በሙሉ በዚያን ቀን ተረዳ። ያ ጥያቄ በጓደኛዬ ልብ ውስጥ የቆየው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው። አንድ ቃል በማጣት ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ አርባ ተማሪዎች ያጣነው ትምህርት ነበር ማለት ነው። በየዴስኩ ስንት እንዲህ ያለ ጥያቄ ተቀብሮ ይሆን?

«እንግሊዝኛን ይህን ያህል ማሳደድ የራስን ቋንቋ መናቅ አይደለምን?» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። የጎደለ ቃል ደብተሬ አማርኛዬንም አስመርምሮኛል፤ «መሰልቸት» እና «መታከት» ልዩነታቸው ምን እንደ ሆነ በእንግሊዝኛ ለመናገር ስል በአማርኛ ዐሰብሁ። ሌሎች ደግሞ የድምፅ አወጣጣቸው እንዳያስቅባቸው ይፈራሉ። ጆሴፍ ኮንራድ ፖላንዳዊ ነበር፤ እንግሊዝኛን የተማረው ከሃያ ዓመቱ በኋላ ነው። ከታላላቆቹ የእንግሊዝኛ ደራስያን መካከል ተቈጠረ፤ ሲናገር ግን የትውልድ አገሩ ድምፅ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም። የትውልድ አገር ድምፅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ለሦስት ወገኖች አንዳንድ ቃል ልናገር እወዳለሁ።

ውድ የክፍል ጓደኞቼ፤ ከካርቶኑና ከደብተሩ ሁሉ በላይ የሰውን አፍ የሚዘጋው የእኛ ሣቅ ነው። አንድ ልጅ ቃል ሲጠፋው ብንስቅ የምንዘጋው የእርሱን አፍ ብቻ አይደለም፤ ሲሰሙ የነበሩትን የሌሎቹንም ጭምር ነው። ቃሉን የምናውቀው እንደ ሆነ ቀስ ብለን እናቀብለው፤ የማናውቀው እንደ ሆነ እንጠብቀው።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት መምህርት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጡት ጥናት መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ ተመልክተዋል። 3 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የተማሪዎቹ መልስ እየረዘመ፣ የሚመልሱትም እየበዙ ሄዱ። በገዛ ቋንቋው ለሚመልስ ልጅ 3 ሴኮንድ ካስፈለገው በሁለተኛ ቋንቋ ለሚመልሰው ደግሞ ጥቂት ብትጨምሩልን ዋጋ አለው።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ልጄን ለመርዳት እንግሊዝኛ አላውቅም አትበሉ። አያቴ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳያውቁ ከመጻሕፍቴ ሁሉ የበለጠ ረድተውኛል። ማታ ከእራት በኋላ «ዛሬ የተማርኸውን በእንግሊዝኛ ንገረኝ፤ ቀጥሎ በአማርኛ ተርጉምልኝ» ብትሉን ይበቃል። ልጁ ይናገራል፤ እናንተም ትምህርቱን ትሰማላችሁ።

ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት የሚሆን ነገር አይደለም። ቢሆንም ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በቀን አምስት ቃል በአንድ ወር 150 ይሆናል፤ በትምህርት ዓመቱ ውስጥ ደግሞ ከሺህ ያልፋል። የሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ሲወጣ በየክፍሉ ብዙ እጆች ተነሥተው፣ ብዙ ጥያቄዎች ተጠይቀው፣ የተቀበሩትም ወጥተው ለማየት ያብቃን።

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ